ሁለት ነጥብ አራት

ጥቅምት ሃያ ስምንት፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣
ከኮምቦልቻ ቢሮ መጣ አጭር መልእክት፦
«በሐይቅና አርዲቦ ሰማዩ ይጠራል፣
ነፋስ አይኖርም፣ ሌሊቱ ይበርዳል፤
ዝቅ ባለው ቦታ ውርጭ ይጠበቃል።»
በቃ። እንደ ሐኪም ወረቀት፣ እንደ ዳኛ ቃል።

እኔ አየር መዝጋቢ ነኝ፤ ሥራዬ ትንሽ፦
ነጭ ሣጥን መክፈት፣ ቁጥር መጻፍ፣ ሲነጋም ሲመሽ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አንድ ቀን ሳላጎድል፣
ሰማይን ስቆጥር ኖርሁ፣ ምድር ላይ ስውል።

ወጣሁ። ደመና የለም። ክዳኑን እንዳነሡበት ድስት
ምድር የዋለችበትን ሙቀት ትለቃለች፣ በትዕግሥት።
ሐይቁ ዳር የደንገሉ ጫፍ እንኳ አይነቃነቅ፤
ከአርዲቦ በላይ ያለው ጋራ ብርዱን ቁልቁል ይሰዳል፣
እንደ ጎርፍ፣ ግን ሳይጮኽ፣ ሳያስጠነቅቅ።
ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ውሃ ጎድጓዳ ይፈልጋል፤
የማን ማሳ ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ይሞላል።

ለሊቀ መንበሩ ደወልሁ፤ አላነሣም።
ለልማት ጣቢያው ልጅ ደወልሁ፤ «ሞተሩ ነዳጅ የለውም፣ አልመጣም።»
መስጊዱ ጋ ሄድሁ። ሽኩር ዒሻን ሰግዶ ሲወጣ
ማጉያውን ከፈተ፦ «ጀመዓ! ዛሬ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤
ጭድ ያለው ጭድ፣ ኩበት ያለው ኩበት ይዞ ይምጣ፤
ነበልባል አይደለም፤ ጭስ ነው፤ ጭሱ ብርድ ልብስ ይሆናል።»

ዘሐራ ይማም ሳቀች፦ «ተኮላ፣ አንተ ሰማይ ቆጣሪ!
አምና ዝናብ ነው ብለህ በርበሬ ከስጥ አስነሣኸኝ፤ ጠብም ሳይል ቀረ።
ጤፌን ያበቀላት ጌታ አይደለም? ይህን ሁሉ ክረምት እርሱ አልነበረ?»
ጤፏ ዘግይታ የዘራችው ነው፤
በጥፍር ሲጫኑት ገና ወተት ነው።
ቢሆንም መጣች፤ በራሷ ጭድ፣ በእጇ ኩበት ይዛ፣
ትከሻዋ ላይ ጋቢ፣ ጋቢዋ ላይ ጤዛ።

ጭስ ስናቦን አደርን፤
ስናስል፣ ስንነታረክ፣ ዓይናችን እያለቀሰ ስንስቅ አነጋን።
የአሊጋዝ ማሳ ሐይቁ ዳር ነው፤ ውርጭ አይነካውም፣ ያውቀዋል፤
ውሃው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይመልሳል።
«ታዲያ ለምን ቆምህ?» ብዬው ነበር።
«ቤቴም ብገባ ጭሱ ይከተለኛል» አለ፣ ኩበት እየቆሰቆሰ በበትር።

አሥር ሰዓት ላይ ጭሱ እምቢ አለ፤ አልተኛልንም፤
እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ዘወር ብሎም አላየንም።

አሥራ ሁለት ሰዓት። ሣጥኑን ከፈትሁ። ሁለት ነጥብ አራት።
ከዜሮ በላይ። በወረቀት ላይ ውርጭ የለም፤ ሁላችን ደህና ነን፣ በወረቀት።
ሣጥኑ በእንጨት እግሩ ቆሞ ከደረቴ ጋር ይተካከላል፤
ብርዱ ግን ሣሩ ላይ ነው የሚተኛ፤ ጤፍም እዚያው፣ ከጉልበት በታች ያድራል።

ዘሐራ ማሳዋ መሐል ቆማለች። አንድ ዘለላ ቀጥፋ አመዳዩን በአውራ ጣቷ አሸችው፤
ፀሐይ ስትወጣ ነጩ ጠፋ፤ አረንጓዴው የተቀቀለ ጎመን መሰለ፤ አሸተተችው።
«ስንት አለ ሣጥንህ?»
«ሁለት ነጥብ አራት።»
«እንግዲያ ነጥቧ ናታ፣ እኔ ማሳ ላይ ያረፈች ናት።»
ዝም አልሁ። እጄ መዝገቡ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።
«አብሽር» አለችኝ፣ «ገለባው ለከብት ይሆናል።»
እሷ እኔን! በዚያች ጠዋት፣ በዚያ ሜዳ ዳር።

ቅጹን ሞላሁ። ከፍተኛ፣ ዝቅተኛ፣ ዝናብ፦ የለም።
ከግርጌ «አስተያየት» የሚል ጠባብ መስመር አለ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አልነካሁትም።
ዛሬ ጻፍሁ፦ የዘሐራ ይማም ጤፍ፣ ሦስት ጥማድ፣ ጠቆረ።
አሊጋዝ፣ ማሳው ሳይነካ፣ ጭስ ሲያጨስ አደረ።
መስመሩ ሞላ። ሐይቁን በኅዳጉ ጻፍሁት፦
ሞቅ ብሎ፣ በማለዳው ፀሐይ፣ ሲተን ነበረ።